ዘመዴ በአካውንቴ ብር ላሳልፍ አለኝ፤ አዲሱ የሽብር ገንዘብ ረቂቅ እኔንም ይነካል እንዴ?

(ይህ ውይይት የተጻፈው በ2017፣ ረቂቁ ገና ምክር ቤት ሳለ ነው። ምክር ቤቱ ረቂቁን ሰኔ 2017 አጽድቆታል።)

የቀፊራዋ

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ቀፊራ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሽርጥ፣ ሻሽ፣ ዲሪ፣ የፊት ቅባት እሸጣለሁ። ወንድሜ ጅዳ ነው። ለእናታችን በየወሩ ይልካል፣ ግን በባንክ አይደለም። እዚያ ለአንድ ሰው ሪያል ይሰጣል፣ እዚህ ደግሞ የማላውቀው ሰው አካውንቴ ላይ ብር ያስገባል። ላኪው አንዴ የወንድ ስም ነው፣ አንዴ የሴት። አንዴ ከጅግጅጋ፣ አንዴ ከአዲስ አበባ ይገባል። እውነቱን ለመናገር ስሙን አይቼው አላውቅም። ቴክስቱ ሲመጣ የማየው ቁጥሩን ብቻ ነው።

በዚያ ላይ የሰፈራችን የሴቶች እቁብ ጸሐፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ነን። ሞባይል ባንኪንግ ደህና አድርጌ የምችለው እኔ ስለሆንኩ ግማሹ በእኔ አካውንት ይሰበሰባል። እሁድ ይገባል፣ ሰኞ ለባለዕጣዋ ይወጣል።

አሁን የመጣው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። በአባቴ በኩል ዘመድ የሆነ ልጅ ደውሎ "480 ሺህ ብር ይገባልሻል፣ ሁለት ቀን ይቆይና ለምሰጥሽ ሦስት ቁጥሮች ታስተላልፊያለሽ፣ አንቺ 10 ሺህ ትይዣለሽ" አለኝ። ለምን በራስህ አታስገባውም ስለው "የኔ ሊሚቱ ሞልቷል" አለ። ብሩ የምንድነው ስለው ሳቀ።

ይሄ በሆነ ሳምንት ነው ምክር ቤት የቀረበው ረቂቅ ወሬ የመጣው። ሽብርን በገንዘብ መርዳትን የሚቀጣው አዋጅ ሊቀየር ነው ይላሉ። በርጫ ላይ የሚወራውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። አንዱ "ሳታውቂም ብታሳልፊ ዕድሜ ልክ ነው" ይላል፣ ሌላው "እቁብ ሊከለከል ነው" ይላል። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ባንኬ ደወለና "መረጃ ለማሻሻል ብቅ በይ" አለኝ። እስካሁን አልሄድኩም። ፈራሁ።

ሳላውቅ ያለፈ ብር ያሳስረኛል ወይ? የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ ወሬ ሳይሆን ሕጉን ንገሩኝ።

ዋሪያ 77

እቁብ ሽብር ከሆነ እናቴ ዕድሜ ልክ አይበቃትም። አርባ ዓመት ዳኛ ናት።

ሳቢያን ነኝ

አቦ ቀልዱን ተወው ልጅቷ ፈርታለች። እህቴ የዘመድሽን ነገር ብቻ እንዳትነኪው። ሌላውን አላውቅም።

መስኮት 4

ባንክ ነው የምሠራው፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ድሬ ውስጥ ነው። ከእኛ በኩል ያለውን ልንገርሽ።

"መረጃ አሻሽይ" ሲሉሽ ብዙ ጊዜ እውነትም እሱ ብቻ ነው። መታወቂያ፣ ስልክ፣ ሥራሽ ምንድነው፣ በወር ስንት ይገባልሻል። ሱቅ ያላት ሴት ብለን ከፍተንልሽ ከየከተማው ከማይተዋወቁ ሰዎች ሲገባልሽ ሲስተሙ ያወጣዋል። ያኔ አንዱ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ምክንያቱ ካልገባው አጠራጣሪ ግብይት ብሎ ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርት ተደርጎብሽ ከሆነ ግን እኔ ልነግርሽ አልችልም፤ ለደንበኛው መንገር ራሱ ወንጀል ነው። ስለዚህ "ንገረኝ በናትህ" ብለሽ መስኮት ላይ ብትለምኚኝ ፊቴን አዙሬ ማህተም እፈልጋለሁ እንጂ አልመልስልሽም። ጠልቼሽ አይደለም።

ሪፖርቱ ላይ ሽብርተኛ ብለን አንጽፍም። የምንጽፈው ያየነውን ነው። ለምሳሌ (ቁጥሩን ቀይሬዋለሁ) በስድስት ቀን ከዘጠኝ ሰው ገባ፣ በዚያው ቀን ወጣ፣ ደንበኛዋ ልብስ ነጋዴ ናት። በቃ።

ባለፈው አንድ ሰውዬ የጫት ብር ይዞ መጣ። በማዳበሪያ። ብሩ በላስቲክ ታስሮ፣ እርጥበት ይዞ፣ አንዳንዱ ኖት ላይ ቅጠል ተለጥፎበት። መቁጠሪያ ማሽኑ ሁለቴ ቆመብኝ። ሰውዬው ግን ደረሰኙን፣ ፈቃዱን፣ ያስጫነበትን ወረቀት ሁሉ በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ልጅ ንጹህ ሸሚዝ፣ ንጹህ ብር፣ ከባንክ የወጣ የሚመስል አዲስ 200። "ምንጩ?" ስለው "የቤተሰብ" አለኝ። የማን ቤተሰብ? ዝም። የትኛው ላይ ሪፖርት እንደተጻፈ መቼም ይገባሻል።

ስለ ዘመድሽ ልጨምር። ለሁለት ቀን ይቆይ፣ ለሦስት ሰው አከፋፍይ፣ 10 ሺህ ያዢ። ስልጠና ላይ ምሳሌ አድርገው የሚያሳዩን ነገር እንዳለ ይሄ ነው።

ጋሼ ለገሃሬ

ልጆች፣ እኔ ከእናንተ ሁሉ ሳልበልጥ አልቀርም፣ ግን እኛ የዚህ ሀገር ሰዎች አንቱታ ላይ ብዙም ስላልሆንን አንተ በሉኝ፣ ቅር አይለኝም።

ሁላችሁም ሕጉን እንደ ጅብ ነው የምታዩት። በ1988 ራስ ሆቴል ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ድሬ ነበርኩ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ጊዮን ሆቴልም ተመትቷል። አል ኢትሃድ የሚባል የሶማሊያ ታጣቂ ቡድን ነው ኃላፊነት የወሰደው። እዚች ከተማ ውስጥ ሰው እንደዚያ ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ለስንት ቀን ከዚራ ላይ ቡና የሚጠጣ ሰው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው። ያን ቦምብ የገዛ ብር ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሰው ሰጥቷል፣ አንድ ሰው ተሸክሟል፣ አንድ ሰው ደግሞ "እኔ ምን አገባኝ" ብሎ አሳልፏል።

ሕግ መኖሩ ልክ ነው። ሽጉጡን የያዘውን ብቻ እየያዙ ለሽጉጡ የከፈለውን መተው አያዋጣም።

የጀጎል ጠበቃ

ሐረር ነኝ፣ ጠበቃ ነኝ። ይሄን የምጽፈው ከሥራ በኋላ ሆጃ እየጠጣሁ ስለሆነ እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ጨዋታ ያዙልኝ። ጉዳይ ካለሽ ወረቀትሽን ይዘሽ ጠበቃ ጋ ሂጂ።

መጀመሪያ ሁለት ሕግ አታምታቱ። አንዱ የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ 1176/2012 ነው። የ2001ን የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652ን የተካው እሱ ነው። ድርጊቱን የሚቀጣው ይሄ ነው። ሌላው ገንዘቡን የሚከተለው አዋጅ 780/2005 ነው፤ በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብንና ሽብርን በገንዘብ መርዳትን አንድ ላይ የያዘ። አሁን ምክር ቤት ያለው ረቂቅ የሚተካው ይሄንን ሁለተኛውን ነው። እቁብ ይከለከላል የሚለው የበርጫ ወሬ ነው፣ ተይው።

ሳላውቅ ያልሽው ላይ ልምጣ። ሽብርን በገንዘብ መርዳት የሚባለው ወንጀል መሠረቱ የ1999ኙ (በፈረንጅ) የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ነው። እዚያም እዚህም ቁልፉ ቃል አንድ ነው፣ "አስቦ" ወይም "እያወቀ"። ገንዘቡ ለሽብር እንዲውል አስቦ፣ ወይም እንደሚውል እያወቀ የሰጠ ወይም የሰበሰበ ሰው ነው የሚቀጣው። ስለዚህ ፍጹም ያላወቀ ሰው በዚህ ወንጀል አይጠየቅም።

እፎይ ከማለትሽ በፊት ግን ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ቦምቡ መፈንዳት የለበትም። ብሩ ለምንም ባይውልም፣ ተይዞ ቢቀርም፣ መስጠቱ ብቻ ወንጀል ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ማወቅሽን ዐቃቤ ሕግ ልብሽን ከፍቶ አያይም፣ ከሁኔታው ነው የሚገምተው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 58 ደግሞ አስቦ ማድረግ የሚለውን ሰፋ አድርጎ ነው የያዘው። ውጤቱ ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ "ቢመጣም ይምጣ" ብሎ የገባ ሰው እንዳሰበ ይቆጠራል። አሁን አንቺ ዘመድሽን "የምንድነው?" ብለሽ ጠየቅሽው። ሳቀ። ከዚያ በኋላ 10 ሺህዋን ብትይዥ ዳኛው ፊት "አላውቅም ነበር" ማለት ይከብድሻል። ጠይቀሻል እኮ! ባትጠይቂው ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። ሳቁን እንደ መልስ ቁጠሪው ነው የምልሽ።

ምናልባት የሱ ብር ከሽብር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የኮንትሮባንድ ይሆናል፣ የዶላር ጥቁር ገበያ ይሆናል፣ የተጭበረበረ ሰው ብር ይሆናል። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ግማሽ፣ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ የሚለው ይይዝሻል። ሰው ሽብር የሚለውን ቃል ሰምቶ ይደነግጥና ይሄኛውን ይረሳዋል።

የወንድምሽ ነገር ሌላ ነው። ለእናት መላክ ወንጀል አይደለም። ፈቃድ በሌለው ሰው በኩል ሀዋላ ማዘዋወር ግን በራሱ ሕገወጥ ነው። ጥቅምት 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ በሕገወጥ ሀዋላ የጠረጠራቸውን የ391 ሰዎች ሂሳብ ማሳገዱን አስታውሱ። አንቺ ተቀባይ ነሽ እንጂ አዘዋዋሪ አይደለሽም፤ ግን የማን ብር እንደሚገባልሽ አታውቂም። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። እናትሽ የምትቀበለው የወንድምሽን ሪያል አይደለም፣ እዚህ ሀገር ብር ያለውና ውጭ ሀገር ገንዘብ የሚፈልግ የሌላ ሰው ብር ነው።

የአወዳይ መንገድ

ጠበቃው ደህና ተናገረ፣ ግን ሀዋላን ሁሉ በአንድ ጆንያ አትክተቱት አቦ። እኔ ነጋዴ ነኝ። ባንክ ቅርንጫፍ በሌለበት ገጠር እናቶች የሚበሉት በሀዋላ ነው። ደውሎ ስም ይነግራል፣ በግማሽ ሰዓት ብር ይደርሳል። የሚሠራው በመተማመን ነው። ሰውዬው አንዴ ቢክድ በማግስቱ ከጅቡቲ እስከ ሐርጌሳ ስሙ ጠፍቷል።

በ1994 አሜሪካ አል በረካት የሚባለውን የሶማሌዎች ትልቅ ሀዋላ ለአልቃይዳ ገንዘብ ያቀብላል ብላ በአንድ ቀን ዘጋችው። ጥቅምት ላይ ነው፣ መንትዮቹ ሕንጻዎች በተመቱ በሁለት ወር ማለት ነው። ስንት ቤተሰብ ጾሙን አደረ። በኋላ የራሷ የአሜሪካ የመስከረም 11 አጣሪ ኮሚሽን ሠራተኞች ሲመረምሩ ያን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላገኙም። ያው ኮሚሽን ጥቃቱ ከ400 እስከ 500 ሺህ ዶላር እንደፈጀ ጽፏል። ጠላፊዎቹ ደግሞ ገንዘባቸውን የያዙት በራሳቸው ስም አሜሪካ ውስጥ በከፈቱት የባንክ ሂሳብ ነበር። በባንክ! ሀዋላ አይደለም!

እንግዲህ ይሄን ካየሁ በኋላ "ወረቀት ያለው ንጹህ፣ ወረቀት የሌለው አሸባሪ" ሲሉኝ አይዋጥልኝም።

መስኮት 4

@የአወዳይ መንገድ ወረቀት ያለው ንጹህ ነው አላልኩም። ወረቀት ያለውን መልሶ መከተል ይቻላል ነው ነገሩ። የእነዚያ ሰዎች ገንዘብ ከየት መጣ ሲባል በኋላ ነጥብ በነጥብ የተገኘው በባንክ ስላለፈ ነው እኮ።

የአወዳይ መንገድ

ከሞቱ በኋላ!

ዋሪያ 77

ሃሃ እዚህ ላይ አሸነፈህ።

ስሜን ልተወው

ጋሼ ለገሃሬ የተናገሩትን አከብራለሁ፣ እዚያ ነበሩ። እኔ ግን ሌላውን በኩል ልናገር ምክንያቱም ሰው ቶሎ ይረሳል።

በ652 ጊዜ አጎቴ ታስሮ ነበር። የት፣ ማን አሠረው የሚለውን አልጽፍም። ሕጉ ለምርመራ በአንድ ጊዜ 28 ቀን፣ ተደማምሮ እስከ አራት ወር ያለ ክስ ያስይዝ ነበር። እኛ ቤት አራት ወር ማለት እያንዳንዱ ማክሰኞ ምግብ ይዞ መሄድ፣ ሳህኑ ሲመለስ ክዳኑን ከፍቶ በልቷል አልበላም ብሎ ማየት ነው። አያቴ ሳህኑን ታሸተው ነበር። በእጁ የነካው መሆኑን በጠረኑ አውቃለሁ ትል ነበር። ተጠርጥሮ የነበረው በምን ይመስላችኋል? ለታሰሩ ሰዎች ቤተሰብ ብር አዋጥቷል ተብሎ ነው። በአራተኛው ወር ያለ ክስ ተለቀቀ። ይቅርታ ያለው ሰው የለም።

እሱ ያልታወቀ ሰው ነው። የታወቁትን እናንተም ታውቃላችሁ። ጋዜጠኞች፣ የዞን 9 ጦማሪዎች፣ የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት። ኮሚቴዎቹ በ2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ነው የተፈረደባቸው። ከዚያ ጊዜው ተቀየረና ተፈቱ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ሰኔ 2010 ምክር ቤት ቆመው ሰው አስሮ ማሰቃየቱ የመንግሥት ሽብር ነበር የሚል ነገር ተናግረዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። "ለሽብርተኛ ድርጅት ብር መስጠት" የሚለው ወንጀል የሚንጠለጠለው በአንድ መዝገብ ላይ ነው፣ ምክር ቤት በሚያወጣው ስም። መዝገቡን ተመልከቱት። ሰኔ 2003 ኦነግ፣ ኦብነግና ግንቦት 7 ገቡ፣ ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር አንድ ላይ። በ2010 ሦስቱ ወጡ፣ አመራሮቻቸው በአውሮፕላን መጥተው በአበባ ተቀበልናቸው። ሚያዝያ 2013 ሕወሓትና ሸኔ ገቡ። መጋቢት 2015 ሕወሓት ወጣ። እዚህ መሀል ለዘመዱ 2 ሺህ ብር የላከ፣ ዲያስፖራ ሆኖ እራት ላይ ያዋጣ፣ ፖስተር የገዛ ሰው አለ። ሐሙስ ወንጀለኛ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሐሙስ እንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ውስጥ ነው። አልሸባብን እንዲዘጉት እፈልጋለሁ፣ ማን አይፈልግም። የምፈራው መዝገቡን የሚጽፈውን እስክሪብቶ ነው።

በዚያ ላይ ይሄኛው ረቂቅ በሽፋን ሥር የሚሠራ መርማሪ ለሥራው ሲል ወንጀል ቢፈጽም፣ ሰው ካልገደለ በቀር፣ እንዳይጠየቅ ይላል። እስቲ አስቡት። አንድ ሰው እቁባችን ውስጥ ገብቶ ሁለት ዓመት ዕጣ እየጣለ...

ጋሼ ለገሃሬ

@ስሜን ልተወው የአጎትህ ነገር ያሳዝናል። እኔም ያ ሕግ ልክ ነበር አላልኩም። ግን ልጄ፣ ቢላዋ ሰው ስለወጋ ሽንኩርት አንከትፍም አይባልም። ሐምሌ 2014 አልሸባብ በሶማሌ ክልል በኩል ድንበር ሰብሮ ሲገባ የሆነውን ረስተኸዋል? ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ስሜን ልተወው

አልረሳሁም ጋሼ። ቢላዋው ማን እጅ ነው ነው የምለው።

የጀጎል ጠበቃ

ሁለታችሁም ጋር ነኝ፣ ይሄ ለጠበቃ አይከብድም :)

በቁም ነገር ግን 1176 ከ652 በብዙ ይሻላል። የሥራ ማቆም፣ ሰላማዊ ሰልፍ፣ ስብሰባ ሽብር አይደለም ብሎ በግልጽ ጽፏል። የሰብዓዊ ርዳታ ድርጅት በሥራው የሰጠው ርዳታ፣ እንዲሁም በሕግ ቤተሰቡን የመርዳት ግዴታ ያለበት ሰው ለዚያው ብሎ የሰጠው አያስቀጣም ይላል። የአጎትህ ዓይነት ጉዳይ በዚህ አንቀጽ ሁሉ ይሸፈናል ማለቴ አይደለም። የጎረቤት ልጅ ቤተሰብን መርዳት "የሕግ ግዴታ" አይደለማ። እኛ ጋ ግን ግዴታ ነው። ሐረር ውስጥ አፎቻ (እንደ እድር ያለ የሐረሪ መረዳጃ ማኅበር ነው) ለታሰረ አባል ቤተሰብ ካላዋጣ አፎቻ አይባልም። ሕጉ ቤተሰብ ሲል ጥቂት የቅርብ ሰዎችን ነው የሚያስበው፣ የእኛ ቤተሰብ ደግሞ ጀጎልን ዞሮ ይመለሳል። እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ሰው የሚወድቀው።

በሽፋን ስለሚሠራው መርማሪ ያነሳኸው እኔንም ያሳስበኛል። እንዲህ ዓይነት ምርመራ ብዙ ሀገር አለ። ጥያቄው ማን ይፈቅዳል፣ ለስንት ጊዜ፣ በማን ይቆጣጠራል ነው። ፍርድ ቤት በደንብ ካልገባበት አልወደውም። ምክር ቤት ያሉ ሰዎቻችንን የምንጠይቀው ይሄን ነው እንጂ "እቁብ ሊከለከል ነው" እያልን ጫት ማበላሸት አይደለም።

መንግሥት ለምን ቸኮለ ለምትሉ ደግሞ፣ ውጭም ግፊት አለ። ኤፍኤቲኤፍ የሚባለው በ1989 (በፈረንጅ) የተቋቋመ፣ የወንጀልና የሽብር ገንዘብን የሚከታተል ዓለም አቀፍ ቡድን አለ፣ 40 ምክረ ሐሳብ አለው። አገሮችን እየዞረ ይመዝናል፣ ያልበቃችውን ግራጫ መዝገብ ውስጥ ያስገባል። ኢትዮጵያ ከየካቲት 2009 እስከ ጥቅምት 2012 እዚያ ነበረች። እዚያ ስትሆኚ የውጭ ባንኮች እያንዳንዱን ኤልሲ (አስመጪ ዕቃ ሲያዝ ባንኩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) እንደ ሌባ ነው የሚያገላብጡት። ድሬ ነጋዴ ያስታውሳል።

የሚገርመው ግን ይሄው ቡድን ራሱ ስለ በጎ አድራጎት ማኅበራት የጻፈውን ምክረ ሐሳብ ቁጥር 8ን ሁለቴ አሻሽሎታል፣ በ2016ና በ2023 (በፈረንጅ)። ለምን? መንግሥታት በእሱ ስም ማኅበራትን ሁሉ ስላስጨነቁ። ስጋት ያለበትን ለይታችሁ ያዙ፣ ሌላውን ተዉ ነው ያለው። እነሱ እንኳን ተምረዋል።

ሐረሪት

አፎቻ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። የኛ የሴቶች አፎቻ ለአንድ ታማሚ ልጅ ከካናዳ በቴሌግራም ብር አሰባሰበ። ሁሉም በየራሱ ለአንዷ አካውንት ላከ። ባንኩ ያዘው፣ ሦስት ሳምንት። ልጁ ዳያሊሲስ ላይ ነበር። በመጨረሻ የተለቀቀው እንዴት መሰላችሁ? አሚና (ስሟን ቀይሬዋለሁ) ያንን የ30 ዓመት የአፎቻ መዝገብ፣ ጠርዙ በአይጥ የተበላውን፣ ተሸክማ ሄዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ስንት አዋጣ፣ ሁሉም በእጅ ተጽፎ። ሥራ አስኪያጁ ገልጦ ገልጦ የራሱን አያት ለቅሶ አገኘ።

ሳቢያን ነኝ

😂😂 ሐረር እኮ እንዲህ ናት።

መስኮት 4

ይሄ እውነት ነው የሚሠራው። @የቀፊራዋ የእቁብ ደብተር አለሽ?

የቀፊራዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ እናቴንም አስነብቤያታለሁ (የአወዳይ መንገድ ያለውን ወዳዋለች፣ ጋሼንም)።

አዎ ደብተር አለ። ባለ ካሬ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ ላይ የእግር ኳስ ተጫዋች ያለበት፣ የልጄን ነው የወሰድኩት። ሃያ ሁለቱም ስም አለ፣ ፊርማም አለ፣ የማይጽፉት ሦስቱ በጣት አሻራ።

ለዘመዴ ትናንት ማታ ደወልኩለት። አልችልም አልኩት። "ፈራሽ እንዴ" አለኝ። አዎ ፈራሁ አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "እሺ የእናትሽን ቁጥር ስጪኝ" አለ። የእናቴን! ስልኩን ዘጋሁት። ዛሬ ጠዋት ቴሌግራም ላይ ፎቶው የለም፣ ብሎክ አድርጎኛል መሰለኝ። የአባቴ እህት ደግሞ ከወዲሁ "ልጄን ንቀሽ" ብላ ለጎረቤት ተናግራለች። ይሄኛውን የሚፈታ አዋጅ የለም መቼስ።

ወንድሜን ደግሞ ከአሁን በኋላ በባንክ ላክ አልኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ክፍያው ይበዛል፣ መታወቂያዬ ሊያልቅ ነው ምናምን አለ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የባንኩና የውጪው ምንዛሪ ልዩነት እንደ ድሮው እንዳልሆነ ነገርኩት። አስላ አልኩት። በድምፅ መልእክት "አስልቻለሁ፣ ለእማዬ አንድ ዶሮ ነው የሚጎድላት" ብሎ ላከ። እማዬ ሰማችውና "ዶሮው ይቅርብኝ፣ ልጄ እንቅልፍ ትተኛ" አለች።

ባንክ ነገ እሄዳለሁ። እስካሁን ከማላውቃቸው ሰዎች የገባውን ሁሉ ምን ብዬ ነው የምናገረው ግን? እውነቱን?

የጀጎል ጠበቃ

እውነቱን። የወንድምሽን መልእክቶች፣ ላክሁ ያለበትን ቀን የሚያሳየውን ሁሉ፣ ከስልክሽ እንዳታጠፊ። ቀኑ ከገባው ብር ጋር ከገጠመ ትልቅ ነገር ነው። ከባንኩ ውጭ ሌላ ሰው ጠርቶ ከጠየቀሽ ግን ጠበቃ ሳትይዢ ቃል አትስጪ።

ስሜን ልተወው

ብቻሽን ደግሞ አትሂጂ። ሰው ይዘሽ ሂጂ።

መስኮት 4

ነገ ሐሙስ ነው፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ሰልፉ አይቻልም፣ ከሰዓት ደግሞ በዚህ ሙቀት ማንም ደህና ፊት አያሳይሽም። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነይ። ደብተሩን ያዢ፣ ተጫዋቹ ያለበትን።